ፍሬን ረግጦ መቀመጥ ያቃታቸው ኦቦ ዋቅጅራ

ኦቦ ዋቅጅራ ማረፋቸውን የነገረኝ ሾፌሩ ገመቹ ነው። ሲደውል መኪና ስር ተኝቼ ነበር፤ እጄ ዘይት በዘይት ስለነበር ስልኩን በአፍንጫዬ ነው የከፈትኩት። «አስካል፣ ኦቦ ዋቅጅራ ማታ አረፉ» አለኝ። የኔ የመጀመሪያ ጥያቄ «ተቀምጠው ነው ቆመው?» የሚል ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ሰድቦኝ ይዘጋው ነበር። ገመቹ ግን ያውቃቸዋል። «ተኝተው ነው» አለ። «ነቅተው ቢሆን ኖሮማ ሞትን በር ላይ ተነስተው ይቀበሉትና፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ከብቶቹስ፣ ዝናቡስ እያሉ እስከ ምሳ ያቆሙት ነበር።» ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሱ አፍንጫውን ሲስብ ሰማሁት። እኔም ዓይኔ ውስጥ ዘይት ገብቷል ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አልገባም ነበር።

ኦቦ ዋቅጅራ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር፣ ጋሽ ሸምሱ ጋራዥ ውስጥ የፔዳል ሰው ነበሩ። የፔዳል ሰው የሚባል ሥራ የለም፤ እሳቸው ናቸው የፈጠሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ቤት መዋል ግን አልቻሉም። ሚስታቸው አደ ጌጤ «ሰላም የምትለው ሰው ከፈለግህ ውጭ ሂድና ፈልግ፣ እኔን ከጠዋት ጀምሮ ሰላም ብለኸኛል» ብለው አስወጧቸው ይባላል። ስለዚህ በየጠዋቱ ጋራዡ ይመጡና ከቆሙት መኪኖች አንዱ ላይ ሾፌር ወንበር ላይ ይሰየማሉ። መኪና ሲሠራ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ፍሬን መርገጥ፣ ነዳጅ መስጠት፣ መሪ ማዞር አለበት። እሳቸው ናቸው ያ ሰው። ደሞዝ የላቸውም፤ ሻይና ጨዋታ ይበቃቸዋል።

ስለ መኪና የሚያውቁት ነገር አልነበረም ብል ነፍሳቸው ትቀየመኛለች፤ ግን አልነበረም። መንዳት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ። እሳቸው ግን ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ይለጥፉና በሽታውን ይናገራሉ። የራዲያተር ውሃ የሚያፈስ መኪና መጣ፤ «ይሄ ጉንፋን ነው» አሉ። አንድ ፒክአፕ አልነሳ አለ፤ «ቅናት ነው፣ አጠገቡ ያለውን ስታጥቡት አይቷል» አሉ። ባትሪው ነበር የሞተው። አንድም ቀን ልክ ሆነው አያውቁም፤ አንድም ቀን ተጠራጥረውም አያውቁም። «መኪና ሰው ነው፣ ሰላም ካላልሽው አይነሳልሽም» እያሉ ጠዋት ጠዋት ኮፈን እየመቱ ሰላም ይሉ ነበር፤ ለሞተር ሳይክል ሳይቀር።

ወለጋ ውስጥ ሰላምታ ድሮም አጭር አይደለም። የኦቦ ዋቅጅራ ግን ወለጋዎቹን ራሳቸውን ያደከመ ነበር። «አካም ቡልተኒ» ብለው ይጀምራሉ፣ እንዴት አደራችሁ ማለት ነው። ቀጥሎ «ነጋዳ?»፣ ሰላም ነው? ቀጥሎ ልጆቹ፣ ቀጥሎ «ሎን»፣ ማለትም ከብቶቹ። ባንክ የሚሠራና ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ቢመጣም «ሎንስ ደህና ናቸው?» ይሉታል። ልጁም ክራቫቱን እያስተካከለ «ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል።

እኔንም የመጀመሪያ ቀን እንዲሁ ጠየቁኝ። እኛ ከጊዳ አያና ነው የመጣነው፤ አያቶቼ የወሎ ሰዎች ናቸው። ነገር ሲበላሽ ያለንን ጥለን ነቀምቴ ገባን፤ ከዚህ በላይ አላወራም። «ሎንስ?» ሲሉኝ ደሜ ፈላና «ከብት የለንም! እዚያው ቀሩ! አሁን ማን እንደሚያልባቸውም አላውቅም!» ብዬ ጮህኩባቸው። ኮፍያቸውን ደፍተው ሄዱ። ሰላምታ ሳይጨርሱ ሲሄዱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ መጥተው ኮፍያቸውን አነሱና «አካም ቡልቴ አስካል? እናትሽ ደህና? የሚያልባቸውስ ሰው፣ እሱ ደህና ነው?» አሉኝ። ልቆጣ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቅ ነው የወጣው።

ከሰላምታው የባሰው ግን መነሳታቸው ነው። በዕድሜ የሚበልጣቸው፣ የሚበልጣቸው የሚመስል፣ ወይም ከሚበልጣቸው ሰው ጋር የሚሄድ ሰው ሲያልፍ ተቀምጠው አያሳልፉም። እሳቸው ራሳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ግን ለካ ለሽማግሌም ሽማግሌ አለው፣ ነቀምቴ ደግሞ ሞልቷል። ታላቅ ወንድማቸው ከሻምቡ ሲደውሉላቸው ቆመው ነው የሚያነጋግሯቸው። «ኦቦ፣ እሳቸው እኮ አያዩዎትም» አልኳቸው አንዴ። «እሱ ባያየኝ እኔ ራሴን አያለሁ» አሉኝ። ባጃጅ ውስጥም ይነሳሉ። መንገድ ዳር ሰው ባዩ ቁጥር ጭንቅላታቸው ጣሪያውን ስለሚገፋው፣ የባጃጅ ልጆች ኦቦ ዋቅጅራን ካሳፈሩ በገበያ በኩል አይሄዱም። ቸርች ውስጥ ደግሞ አርፍዶ የገባ ሁሉ ሳይነሱለት እንዳይቀር፣ አደ ጌጤ የኮታቸውን ጫፍ ጨብጠው ነው ስብከት የሚሰሙት።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልምጣ።

እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ባንኮኒ ላይ መለዋወጫ እሸጥ ነበር። ጋሽ ሸምሱ የጉራጌ ሰው ናቸው፤ ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ጋራዥ አላቸው። ባንኮኒ ላይ መቆም ያሳብደኛል። ደንበኛ ሲጠፋ ወደ ኋላ እየሾለክሁ ብሎን መፍታት ጀመርኩ፤ ቀስ በቀስም ሥራውን ያዝኩት። ዋናው መካኒክ ወደ አሶሳ ሄዶ ሲቀር «ጋሼ፣ እኔ እሠራለሁ» አልኳቸው። ጋሽ ሸምሱ ሳቁ። ቀጥሎ የሚሠራ ሰው ስላጡ መሳቃቸውን ተዉት።

የመጀመሪያ ሥራዬ የገመቹ ሚኒባስ ነበር። የፊት ጎማዎቹ ፍሬን ያፈስ ስለነበር ካሊፐሩን፣ ማለትም ሸራውን ገፍቶ ጎማውን የሚያቆመውን ብረት፣ ሸራውንና ዘይት የሚያመላልሰውን ቱቦ ቀየርኩለት። ዓርብ ማታ ገጥሜ ጨረስኩ። ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ሠርገኛ ጭኖ ጊምቢ ሊሄድ ነበር፤ እንዲያውም ቸኩሎ ሪባኑንና አበባውን አስሮበት ነው ያመጣው። መንገዱ ደግሞ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። እዚያ ላይ ፍሬን ማጣት ለሙሽራም ለሚዜም አይሆንም።

ጠዋት ፔዳሉን ረገጥኩት። ሊጥ የረገጥኩ ነው የመሰለኝ። እስከ ወለሉ ወረደ።

ጋሽ ሸምሱ መጥተው እሳቸውም ሞከሩት። «አንቺ አስካል፣ ይሄ ፍሬን ነው ፍራሽ?» አሉ።

«አየር አለበት ጋሼ፣ አየሩን አስወጣለታለሁ።»

«ስሚኝ። ሠርገኞቹ እስኪመጡ ከጠነከረ ጥሩ፣ መፍቻ ቁልፉን እንደያዝሽ ቀጥዪ። ካልጠነከረ የባኮውን መካኒክ እጠራለሁ፤ አንቺም ሰኞ ባንኮኒሽ ላይ ነሽ። ሁለተኛ መኪና ስር እንዳላይሽ።»

ባንኮኒ! እስከ ዕድሜዬ ማለቂያ «ሻማ አለ? የለም። ፊልትሮ አለ? አለ» ስል ታየኝ።

የፍሬን ነገር እንዲህ ነው። የፍሬን ዘይት ውስጥ አየር ከገባ ፔዳሉ ይለሰልሳል። አንድ ሰው ከላይ ደጋግሞ ይረግጥና አጥብቆ ይይዛል። ሌላው ጎማው ጋ ተኝቶ መተንፈሻ ብሎኑን ይፈታል፤ አየሩ ከዘይቱ ጋር ፊሽ ብሎ ይወጣል። ብሎኑ ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ፣ እግር ይነሳል። ብሎኑ ሳይጠብቅ እግር ከተነሳ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል፣ ልፋትሽ ገደል ነው። ቱቦ ሰክቶ ጫፉን ዘይት ውስጥ መንከር የሚባለውን ዘዴ የተማርኩት በኋላ ነው። ጋሽ ሸምሱም ቢሆን ቱቦ ለመሸጫ እንጂ ለመስኪያ አይሰጡም።

ከላይ ኦቦ ዋቅጅራ ተቀመጡ፣ እኔ ከስር ገባሁ። እሳቸው በኦሮምኛ ካልሆነ እግራቸው አይታዘዝም፤ ስለዚህ «ቀባ!» እላለሁ፣ ይያዙ ማለት ነው። «ቀቤራ!» ይላሉ፣ ይዣለሁ። ብሎኑን እፈታለሁ፣ አጠብቃለሁ፣ «ገዲሳ!» እላለሁ፣ ይልቀቁ። ከሩቁ ጎማ፣ ከኋላ ቀኝ ጀመርን፤ ዙሩን ጨረስን። ረገጥኩት። ሊጥ። እንደገና ዞርን። ሊጥ። 

መፈለግ ጀመርኩ። የሚያፈስ ቦታ እንዳለ በጣቴ ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። የዘይቱን ዕቃ አየሁ፤ ሙሉ ነው። ካሊፐሮቹን ግራና ቀኝ አቀያይሬ ገጥሜያቸው መተንፈሻው ወደ ታች ዞሮ ይሆን? አልዞረም፣ ከላይ ነው። የኋላውን ሸራ አጠበቅሁ። ምንም። ብሎኑን በፈታሁ ቁጥር ግን አረፋ አለ። አረፋ፣ አረፋ፣ አረፋ። የሳሙና ፋብሪካ የከፈትኩ መሰለኝ።

«ዘይቱን የሚገፋው ማስተር ነው የሞተው» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «ሱቅ ውስጥ አዲስ አለኝ።»

«እርስዎ ሱቅ ውስጥ የሌለ ነገር ሞቶ ያውቃል?» አለ ገመቹ። «ሳመጣው እኮ ጠንካራ ነበር! አስካል ናት ያለሰለሰችው!»

«ብርድ ነው» አሉ ኦቦ ዋቅጅራ ከላይ። «አበባ ስላሰራችሁበት አፍሯል።»

ተመልሼ ገባሁ። ቅዳሜ ነው፣ ጋራዡ ደግሞ የገበያው መንገድ ላይ ነው። «ቀባ!» አልኩ። «ቀቤራ!» አሉ። ብሎኑን ፈታሁ። ከላይ የሆነ ሰው «አካም ቡልተኒ ኦቦ ዋቅጅራ!» ሲል ሰማሁ። መኪናው ሲጢጥ ብሎ ከላዬ ትንሽ ከፍ አለ። ብሎኑም እጄ ላይ ስርቅ አድርጎ አየር ጠጣ።

ወዲያው ገባኝ። ተንፏቅቄ ወጣሁ።

ኦቦ ዋቅጅራ ወገባቸውን አጉብጠው፣ ኮፍያቸው ጣሪያው ላይ ተጨፍልቆ፣ በመስኮት እስከ ደረታቸው ወጥተው የአንድ ሽማግሌ እጅ ጨብጠዋል። እግራቸው አየር ላይ ነው። ፔዳሉ ብቻውን ቆሟል።

«ኦቦ! ቀቤራ አላሉኝም? ምኑን ነው የያዙት?»

«የኦቦ ቶሎሳን እጅ» አሉ፤ እንደማይገባው ልጅ እያዩኝ።

«ጠዋት ሙሉ እንዲህ ሲነሱ ነበር?»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቅዳሜ እኮ ነው! ሰው ሁሉ ገበያ ነው። ተቀምጬ ላሳልፋቸው?»

«አዎ!»

እንዲህ ዓይነት ብልግና ከሴት ልጅ አፍ ሰምተው አያውቁም መሰለኝ፣ ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቅቀው ሄዱ።

መኪናው ክሪክ ላይ ተነስቶ ስለቆመ አዙረን ልናቆመው አንችልም። ጋሽ ሸምሱ ለዝናብ የሚያስቀምጡትን ሰማያዊ ላስቲክ አምጥቼ ሰው እንዳያዩ መስኮቱን ሁሉ ሸፈንኩት። ይሄ ደግሞ ባሰ። አበባ ያለበት መኪና በላስቲክ ተሸፍኖ ሲያይ ሰው «ምን ተፈጠረ?» እያለ መቆም ጀመረ። «ኦቦ ዋቅጅራ ናቸው፣ ከውስጥ ናቸው» አለ አንዱ። «ኦቦ፣ ደህና ነዎት?» ሲሏቸው በድንግዝግዙ ተነስተው ጭንቅላታቸውን ሲመቱ ጓ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ላስቲኩን አነሳሁና የወንበሩን ቀበቶ አሰርኩላቸው። ቀበቶው ሰውነታቸውን ያዘ፤ እግራቸው ግን ብቻውን ተነስቶ ሰላም አለ።

«አውርጂያቸው፣ ገመቹ ይርገጥ» አሉ ጋሽ ሸምሱ ሰዓታቸውን እያዩ።

ገመቹ ወጣ። «ቀባ!» «ቀቤራ!» የነኦቦ ዋቅጅራ ቸርች መጋቢ በመንገዱ አለፉ። ገመቹ ተነሳ። እሱስ የዚሁ አገር ልጅ አይደል? «ይቅርታ አስካል፣ እግሬ ነው» አለ። ጋሽ ሸምሱ ተናደው ራሳቸው ወጡ። ገና አንዴ ሲረግጡ ሱቁ በር ላይ ደንበኛ ታየ፤ የቀረውን ልትገምቱ ትችላላችሁ። ከተማው ውስጥ ቂጡን ወንበር ላይ የሚያቆይ ሰው አልተገኘም። እኔ ቁጭ እል ነበር፣ ማንም ቢያልፍ። ግን እኔ ከስር ነኝ።

መሬት ላይ ተቀምጬ ባንኮኒውን እያሰብኩ ሳለ ማዶ ያለው ቁርስ ቤት በረንዳ ላይ አንድ ሰውዬ አየሁ። የቀረበላቸው ፉል ላይ አጎንብሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። አንድ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ደረሱ፤ ሰላም ሊሉ እጃቸውን አንስተው ነበር፤ ሲጸልዩ ሲያዩዋቸው እጃቸውን መለሱ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ በእግር ጣታቸው አለፉ። 

«ኦቦ! ተመልሰው ወንበሩ ላይ ይውጡ! ዓይንዎን ይጨፍኑና ይጸልዩ!»

«ምን?»

«የሚጸልይን ሰው ሰላም የሚል የለም። የሚጸልይም ሰው ለማንም አይነሳም።»

ፊታቸው ጠቆረ። «በጌታ ፊት ላስመስል? አላደርገውም።»

«ማን አስመስሉ አለ? ከልብዎ ይጸልዩ። እግርዎ ብቻ ይርገጥ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ፍሬኑ።»

አሰቡ። «ዲዴሳ ቁልቁለት ላይ... እሱስ ጸሎት ይገባዋል» አሉ፤ ወጡ።

«ስሙኝ ኦቦ፣ እኔ አሜን ስል ነው እግር የሚነሳው። በሌላ ሰው አሜን አይደለም።»

እንግዲህ ጀመሩ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሚኒባስ ፊትህ አቁመናል። አንተ ታውቀዋለህ፣ ከነበሽታው። ሙሽሮቹን ታውቃቸዋለህ። ገመቹንም ታውቀዋለህ፣ ሲነዳ እንደሚፈጥን...» ብሎኑን ፈታሁ። ፊሽ አለ። አጠበቅሁና «አሜን!» አልኩ። እግራቸው ተነሳ። ደጋግመው ረገጡና ቀጠሉ። «ይህችንም ልጅ ታውቃታለህ፣ አፏን ታውቀዋለህ፣ ታገሳት...» ፊሽ። «አሜን!»

የገበያው ሰው አለፈ፤ አንድም ሰላም ያላቸው የለም። ይልቅ መቆም ጀመረ። የበቆሎ ጆንያ የተሸከመች ሴት ሸክሟን አውርዳ አጎነበሰች። ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን አወለቁ። ከመኪናው ስር ሆኜ የማየው እግር ብቻ ነው፤ ጫማ በጫማ ሆነ። ከዚያ የፈራሁት መጣ። ኦቦ ዋቅጅራ «ከቁልቁለት ሁሉ ጠብቀን» ሲሉ ሕዝቡ አንድ ላይ «አሜን!» አለ፤ ብሎኔ ክፍት ነው!

«የእናንተ አይደለም!» አሉ ኦቦ ዋቅጅራ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «የሷ ነው የሚቆጠረው!»

እግራቸው አልተነሳም። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ እናቴ በዚያ ሰዓት ብታየኝ ምን እንደምትል አላውቅም፤ በአንድ ጠዋት እንደዚያ አሜን ብዬ አላውቅም። ግን አረፋው ቀነሰ። ከኋላ ቀኝ ወደ ኋላ ግራ፣ ከዚያ ወደ ፊት ቀኝ ሄድን። ጸሎቱ ከሚኒባሱ አልፎ የከተማውን መኪና ሁሉ፣ ባጃጆቹንም አዳረሰ። የመጨረሻው ጎማ ላይ ስንደርስ ኦቦ ዋቅጅራ በጸሎታቸው መሀል «ጌታ ሆይ፣ እግሬ አልወርድ አለኝ፣ እንደ ድንጋይ ሆነብኝ» አሉ። እኔ ከስር ሆኜ በደስታ ጭንቅላቴን ካሊፐሩ ላይ መታሁት።

የጋሽ ሸምሱ ሰማያዊ ጫማ ጫፍ ሲቀርብ አየሁ። «ጠነከረ እንዴ?»

«ጠንክሯል ጋሼ፤ የቀረችኝ ይቺ ብሎን ናት። እየወጣ ያለው ንጹሕ ዘይት ነው።»

ጎንበስ ብለው የሚወርደውን ዘይት አዩ። አረፋ የለም። ቀና ብለው ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ «ገመቹ፣ ባንኮኒ ላይ የሚቆም ሰው ካወቅህ ንገረኝ» አሉ። «አስካል ከእንግዲህ መካኒክ ናት።»

ጆሮዬ ጋለ። ቁልፉን ብሎኑ ላይ አጠለቅሁት። ላጠብቅ ነበር። ገና ልጠመዝዝ ስል መኪናው ሲጢጥ ብሎ ከላዬ ከፍ አለ፤ ብሎኑም ስርቅ አድርጎ አየር ጠጣ።

«ኦቦ!» ብዬ ጮህኩ። «አሁን ደግሞ ማን መጣ?»

ተንፏቅቄ ስወጣ ኦቦ ዋቅጅራ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ወገባቸው ጣሪያው ስር ተጣጥፎ፣ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ወደ መሬት፣ ወደ እኔ ያዩ ነበር።

«ማንም አልመጣም» አሉ። «ላንቺ ነው የተነሳሁት። መካኒክ ናት ሲባል ተቀምጬ ልስማ?»

የዚያን ዕለት ሠርገኞቹ ትንሽ አረፈዱ፤ ሚኒባሱ ዲዴሳን በሰላም ወርዶ በሰላም ወጣ። እኔም ሰኞ መኪና ስር ነበርኩ፣ እስከ ዛሬም ነኝ። ግን በሕይወቴ ለኔ ብሎ ከመቀመጫው የተነሳ ሽማግሌ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ያን ጊዜ እኔ ያልኳቸው «ይቀመጡ፣ ቁልፉን እንዳልወረውርብዎ!» ነው። ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያቺን አንዷን ጎማ «ጌታ ሆይ» ብለን ከአዲስ ጀመርናት።